ለአንዲት ዶሮ ሐኪም ጠራሁ፦ የመኖ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱና የሐኪሙ ነገር

መጀመሪያ የምትስቁ ሳቁና ጨርሱ። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ለአንዲት ዶሮ ሐኪም ቤቴ ድረስ ጠርቼ 900 ብር ከፍያለሁ። ባለቤቴ "ትንሽ ብትጨምሪበት ሌላ ዶሮ ይገዛ ነበር" አለኝ። እህቴ ስልክ ላይ እንደሳቀች ዘጋችው። የጎረቤታችን እማማ ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ "ልጄ፣ ጾሙ ሊፈታ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ እስከዚያ በሕይወት ካቆየሻት ይበቃል" ብለው መከሩኝ። ከልባቸው ነው የተናገሩት።

ዶሮዋ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት፣ ከአረማመዷ ተነስታ፤ እግሯን አንስታ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ ነው የምታሳርፈው። ከሌሎች ሦስት ጋር ቄብ ሆና ነው የገዛኋት፣ ቡናማ የፈረንጅ ዶሮ፣ ሐኪሙ ኋላ ላይ እንደነገረኝ ቦቫንስ። ለእንቁላል ብዬ ነበር ያመጣኋቸው፣ ግን ልጅ ስም ካወጣች በኋላ ዶሮ የቤት ሰው ይሆናል፣ ይሄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ሦስቱ ተንጋግተው ወጡ፣ እሜቴ ቀረች። ጥግ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ጅራቷን መሬት ላይ ጥላ፣ ደረቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሲጠጣ ያደረ ዘበኛ መስላ። በየደቂቃው ታምጣለች፣ ምንም አይወጣም። ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። አንድ እፍኝ በቆሎ ፊቷ በተንኩላት፣ ዞር ብላም አላየችው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ጥሬው አፍንጫዋ ሥር ወድቆ ያላየች ዶሮ በጠና ታማለች ማለት ነው።

ምልክቱ ግን ቀድሞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ከሳምንት በፊት ቅርፊት የሌለው እንቁላል ጥላ ነበር። ነጩ ሽፋን ብቻ፣ ውሃ እንደሞላ ፊኛ የሚንቀጠቀጥ። ልጄ እጇ ላይ እያገላበጠች ተጫወተችበት፣ እኔም ፎቶ አነሳሁና ለእህቴ ላክሁላት፣ ተሳሳቅን። እንዲህ ያለ እንቁላል ካያችሁ አትሳቁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሰፈራችን የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል "ስንት ናቸው?" አለኝ። አንድ ናት አልኩት። "ምን ሆነች?" ብሎ አልጠየቀም፣ ከመደርደሪያው ቢጫ ዱቄት አውርዶ "ይሄን በውሃ በጥብጠሽ ስጫት" አለኝ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ከጀርባው ያለው መመሪያ የሚያወራው በመቶ ለሚቆጠሩ ዶሮዎችና ለበርሜል ውሃ ነው፣ ለእኔዋ አንዲት ዶሮ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ልስጥ፣ በጣቴ ልቆንጥር፣ የሚነግረኝ የለም። ብጠይቀው "ትንሽ ብቻ" አለኝ። ትንሽ ስንት ነው? እንቁላሏ ይበላል ወይስ አይበላም? ዝም። አንዴ በጠብታ አጠጣኋት፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

እማማ በበኩላቸው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በስኒ አመጡ። ለፈንግልም፣ ለጉንፋንም፣ ለሆድ ቁርጠትም እሳቸው ዘንድ መድኃኒቱ አንድ ነው። ላለማስቀየም ተቀበልኳቸውና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ባለቤቴ በዳቦ በላው።

ሐኪሙን ያገኘሁት ላሞች ከሚያረባ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስልክ ላይ የሆነውን ስነግረው ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ ለመጨረሻ ጊዜ እንቁላል የጣለችው መቼ ነው፣ የምትበላውስ ምንድን ነው። ከትናንት ወዲያ አልኩት። "እንግዲያው ዛሬውኑ መታየት አለባት፣ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተይዞ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ልትሞት ትችላለች፤ እስክመጣ ምንም መድኃኒት አይስጧት፣ መኖ የገዙበትን ጆንያ ግን አይጣሉ" አለኝ። እኔ ጆንያው ለምን እንደሚፈለግ አልገባኝም ነበር።

አሁን ወቀሳውን ልጨርስ፣ ምስጋናው ይከተላል። 5 ሰዓት እደርሳለሁ ያለው ሰው 7 ተኩል ነው የመጣው። ዝናብና ታክሲ ነው አለ፣ እሺ፣ ግን አንድ ስልክ መደወል ይቻል ነበር። ደረሰኝም አልሰጠኝም፣ ስጠይቀው "በቴሌግራም እልካለሁ" ብሎ እስከ ዛሬ አልላከም። የቤት ለቤት አገልግሎት የሚሰጡ ሁሉ ይሄን ነገር ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ሥራው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ዶሮዋን አልነካም። ራቅ ብሎ ቆሞ አየ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ አቋቋሟን፣ አተነፋፈሷን፣ መሬት ላይ ያለውን ኩሷን። ከዚያ ብብቱ ሥር ወሽቆ ራሷን ወደ ኋላው አዞረና በአንድ እጁ ከጅራቷ በታች ዳበሳት። "ይንኩት" አለኝ። ነካሁት። በላባው ሥር ሎሚ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ጓንት አጥልቆ፣ ጣቱን ቫዝሊን ቀብቶ በመውጫዋ በኩል አረጋገጠ። "ቅርብ ነው፣ አልተጣመመም" አለ።

ሞኝ ሆኜ "ታዲያ ተጭነን እናውጣው?" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ውስጥ ከተሰበረ ስብርባሪው የእንቁላል ቱቦዋን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ማዳኑ ይከብዳል አለ። ዘይት በአፏ ማንቆርቆርም እንዲሁ ነው፣ አንዳንድ ሰው ያደርገዋል፤ በአፍ የገባ ዘይት እንቁላሉ ጋ አይደርስም፣ ወደ ሳንባዋ ከገባ ግን ያንቃታል።

ቢጫውን ዱቄት ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ተህዋስ ይገድላል እንጂ እንቁላል አይገፋም" አለ። በዚያ ላይ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ይያያዝና አንዱም በደንብ ሰውነቷ ውስጥ አይገባም፤ እንቁላሉም ላይ ስለሚቀር ጥቅሉ ላይ የተጻፈው የእገዳ ቀን እስኪያልፍ መብላት የለብንም። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነግረኝ ይችል የነበረው ይሄው ነው።

ከዚያ ካልሲየም አቅጥኖ ወጋት። እኔ ካልሲየም ለቅርፊት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻም ያለ ካልሲየም አይኮማተርም፤ ደሟ ውስጥ ሲያንስ እንቁላሉ ባለበት ይቆማል። ምጥ የሚያፋጥን መርፌም አለ፣ ሰውም የሚወጋው ኦክሲቶሲን፣ እሱን ግን በመጀመሪያው ቀን አልሰጥም አለ፤ መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ቱቦው ይቀደዳል። ያልተወጋውን መርፌ ምክንያት ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሐኪም፣ ለሰውም ቢሆን፣ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ቀሪው ሥራ የእኔ ነበር። ሰማያዊውን ሳፋ አወጣሁ፣ ውሃ አሞቅሁ፣ እንደ ሕፃን ገላ በክርኔ ለካሁት። እስከ ሆዷ ድረስ አስገባኋት። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ክንፏን እያራገበች ግድግዳውንም እኔንም አጠበችን። ከዚያ ሙቀቱ ገባት መሰለኝ አንገቷ ለሰስ አለ። የዶሮ ዐይን ሲጨፈን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከታች ወደ ላይ ነው የሚከደነው፣ ግራጫ ቆብ ቀስ ብሎ ይወጣና ይሸፍነዋል። እንዲያ እያደረገች፣ ለ20 ደቂቃ፣ አገጯን ክንዴ ላይ አስደግፋ ተኛች። ውሃው ሲበርድ በጆግ ሙቅ እጨምራለሁ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ "እማዬ፣ እሜቴ ስፓ ገባች" ትላለች።

ከዚያ ማድረቅ አለ፣ ይሄን እንዳትዘሉት። የነሐሴ ብርድ ላይ የረጠበች ዶሮ በሌላ በሽታ ትሞታለች። በፎጣ፣ ቀጥሎ በፀጉር ማድረቂያ፣ ከሩቅና በዝቅተኛው ሙቀት። መብራት ስላልጠፋ ተመስገን። የዘይት ካርቶን ውስጥ ገለባ አንጥፌ፣ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በግራና በቀኝ አደረግሁላት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ሻወር ቤት አስገባኋት። ጨለማ፣ ሙቀት፣ ጸጥታ። ሐኪሙ ያዘዘው ይሄንን ነው፣ "በየሩብ ሰዓቱ እየከፈቱ እንዳያዩዋት" ብሎም አስጠነቀቀኝ። አየኋት እንጂ። አራት ጊዜ።

እስከ ንጋት ካልወጣ ቢሾፍቱ ውሰዷት ብሎኝ ነበር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወዳለበት፣ ከከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ምንም አላለም፣ የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ሊሸሽግ ይሁን ሊሄድ አልጠየቅሁትም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ካርቶኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስገባ ቆማለች፣ ገለባው ላይ እንቁላል አለ። ሞላላ፣ ወገቡ ላይ የተሸበሸበ፣ ላዩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ አንድ ቀጭን የደም መስመር ያለበት። በጣቴ ስነካው ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ገባ። ቤት ውስጥ ያለነው ሁላችን ጾመኞች ነን፣ ጾሙ ባይኖርም በዱቄቱ ምክንያት አይበላም፤ እንዲያም ሆኖ በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁለት እንቁላል የለም። እሜቴ ውሃ ጠጣች፣ ደጋግማ ጠጣች፣ ከዚያ ጣቴን ነከሰችኝ።

አሁን ወደ ጆንያው።

ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ከመኖው አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ በትኖ አየው። "ነጭ ጠጠር ይታይዎታል?" የለም። በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ትንሽ ፋጉሎ፣ በቃ። የእንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መኖር አለበት፣ ዐይን ያየዋል፣ ጥርስም ያውቀዋል። እኔ ከሦስት ወር በላይ ስገዛ የኖርኩት ለቄብ የሚሰጠውን ግሮወር የሚባለውን ነው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራልኝ። ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች። የጣይ መኖ ካልሲየሙ ከመቶ 3 ተኩል እስከ 4 ነው፣ ማለትም በቀን ወደ 4 ግራም። የቄቡ መኖ ከመቶ 1 ገደማ ነው፣ ማለትም 1 ግራም ትንሽ ፈቀቅ ያለ። አንድ ቅርፊት ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ካልሲየም ይወስዳል። ጎደሎው ከየት ይመጣል? ከአጥንቷ። እሜቴ በየቀኑ ከገዛ አጥንቷ ፍቃ እንቁላል ስትሸጥልኝ ነበር።

መኖ ቤቱ ሄድኩ። ስሙን ይሄኛውንም አልጠራም። ከተከፈተ ጆንያ በሰፌድ እየዛቀ በኪሎ የሚሸጥ ቤት ነው፣ ጆንያው ላይ ጽሑፍ የለም፣ ቀን የለም። የጣይ ብዬ ነበር የጠየቅሁህ አልኩት። "እህቴ፣ ዶሮ ዶሮ ነው" አለኝ። ሌየሩ፣ ማለትም የጣይ መኖው፣ አልቆበት ስለነበር ያለውን ሰጠኝ፣ ዋጋው ግን የሌየር ነው። ገንዘብ አልመለሰም፣ ይቅርታም የለም፣ አንድ ኪሎ በቆሎ ሊመርቅልኝ ሞከረ። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ብትሉኝ ኮከብ ሳይሆን ጠጠር ነው የምሰጠው፣ ያችን መኖው ውስጥ የጎደለችውን።

የራሴንም ልናዘዝ። ልጆቹ የእንጀራ ፍርፋሪና ዳቦ ቀኑን ሙሉ ይጥሉላቸው ነበር፣ ያ ሆዷን ይሞላል እንጂ ካልሲየም የለውም። ሌላው የግቢያችን መብራት ነው፤ ለሌባ ብለን ሌሊቱን ሙሉ የምናበራው አምፖል በቀጥታ ቆጡ ላይ ያርፋል። ዶሮ እንቁላል ጣይ የሚላት ብርሃን ነው። የእኛ አገር ቀን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ በተፈጥሮው ያሳርፋታል፣ እኔ ግን 24 ሰዓት ፋብሪካ አድርጌያት ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ለአንድ ሳምንት ከ11 ሰዓት በኋላ በጨለማ ክፍል አቆዩዋት አለ፣ እንቁላሉ ይቁም፣ አጥንቷ ይረፍ። አምፖሉን ወደ በሩ አዞርነው።

ያዘዘልን ቫይታሚን ኤዲ3ኢ የሚሉት ፈሳሽ ነው። ስለ እቃው ብቻ ከሆነ፦ ይሠራል፣ ግን ጠርሙሱ ለአንድ ዶሮ ሳይሆን ለመንደር ነው፣ ትንሹ ራሱ ለዓመታት ይበቃኛል፣ ከተከፈተ ደግሞ አይቆይም። ሽታው የዓሣ ዘይት ይመስላል። መጀመሪያ አብዝቼ ስለጨመርኩ አራቱም ውሃውን ጥለው ከጉድጓድ ሊጠጡ ሄዱ። በመመሪያው ልክ ሲሆን ጠጡት። ከአምስት ቀን በላይ አትስጡ ብሎኛል፣ እነዚህ ቫይታሚኖች በሽንት አይወጡም፣ ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ከጎረቤት ጋር ተጋርታችሁ ግዙት።

ከሁሉ የረዳኝ ነጻ ነው። የእንቁላል ቅርፊት። በፍልሰታ ከየት ይመጣል እንዳትሉ፣ የሰፈራችን ቁርስ ቤት ባለቤት ሙስሊም ናቸው፣ በየቀኑ አንድ ፌስታል ያስቀምጡልኛል። ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ከካ አደርገዋለሁ፣ ዱቄት እስኪሆን አልወቅጠውም። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል፤ በደንብ ያልደቀቀው ግን በመፍጫዋ ውስጥ ቆይቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ቅርፊት የሚሠራውም በብዛት ሌሊት ነው፣ ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከመስፈሯ በፊት፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ከመኖው ለይቼ በጣሳ አስቀምጥላታለሁ። ያሻት ትለቅማለች፣ ያላሻት ትተዋለች። እነሱ ልካቸውን ያውቃሉ።

በ16ኛው ቀን ጣለች። በጥፍሬ መታ መታ አደረግሁት፣ ሲኒ ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ። እማማ አይተው "እንዲህ ከሆነስ አትረድም" አሉ፣ ውሳኔው የሳቸው ይመስል።

ሐኪሙ ግን በፍጹም ዳነች አላለኝም፣ ያንንም ወደድኩለት። እንዲህ ያሉ ዶሮዎች በዓመት ከ300 በላይ እንዲጥሉ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው፣ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው የምትጥለው፣ ስለዚህ አንዴ የተያዘባት ዶሮ ሊደግማት ይችላል አለ። የተሸበሸበ እንቁላል በሌሎቹም ከታየ መኖ ላይሆን ይችላል፣ ፈንግልና ሌሎች የመተንፈሻ በሽታዎችም እንዲያ ያደርጋሉ፣ ክትባታቸውን ጠየቀኝ፣ አልነበራቸውም፣ አስከተብኩ። ለሁለት ሳምንት የኩስ ፎቶ በቴሌግራም ስልክለት፣ በምሳ ሰዓትም ቢሆን፣ መልሷል።

ስሙንና ስልኩን ያለ ፈቃዱ አላወጣም። እናንተ ስትፈልጉ ግን በስልክ የመጨረሻ እንቁላሏንና መኖዋን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝላችሁን እለፉት። ዋጋውን ከመምጣቱ በፊት ተስማሙ፤ የእኔ ጉብኝቱ 600፣ መርፌው 300 ነበር። ደረሰኙን ደግሞ እዚያው በር ላይ ተቀበሉ፣ በቴሌግራም አይመጣም።